ከኮከቦቹ በታች ያለችው መስመር

ወድ ኤል ሒለው፣ ዓርብ፣ ኅዳር 6 ቀን 1978 ዓ.ም.

ስለ እኔ የሚወራውን ዛሬ የውኃው ሰልፍ ላይ በጆሮዬ ሰማሁት። ወርቅውሃ ሌሊት ሌሊት ኮረብታው ላይ እየወጣች ሦስት እግር ባለው መሣሪያ ከደርግ አውሮፕላን ጋር ትነጋገራለች ይባላል። ላርመው። መሣሪያው ካሜራ ነው። ሦስቱ እግሮች የማቆሚያው እንጂ የካሜራው አይደሉም። አይናገርም፣ ብርሃንም ወደ ማንም አይልክም፤ ሥራው ብርሃን መቀበል ብቻ ነው። ከደርግ ጋር የምነጋገረው ነገር የለኝም፤ ሑመራ ላይ የባሌን የሰሊጥ እርሻ ሲወርስም አላነጋገረኝም። ዕድሜዬም እንደሚባለው ዘጠና አይደለም፣ ሰባ አንድ ነው።

ወሬውን የምታወራው ሴት ዘወር ስትል አየችኝና «እንደምን አደሩ እትየ» አለች።

«ደኅና አደርሁ። ሦስት እግር ያለው ማቆሚያው ነው» አልኋት።

ሴትዮዋ ዓይኗን አፈጠጠች። ሸጊቱ ከኋላዋ ሆና ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

ሸጊቱ ጎረቤቴ ናት። አጥራችን አንድ ነው፤ ገበያ ላይ ሻይ ትሸጣለች። ከሑመራ ወደ ሱዳን ከተሰደድን ጀምሮ ሰልፉን እኔ እይዛለሁ፣ ሁለቱንም ጀሪካን እሷ ትሸከማለች። ስትሸሽ ልጇ ውባየሁ በንዳድ ተይዛ ስለነበር ከአያቷ ጋር ከወንዙ ማዶ አገር ቤት ቀረች። ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ሸጊቱ ስለ እሷ ስታወራ ዛሬም እንደ አራት ዓመት ልጅ ነው የምታወራው።

ኮረብታው ላይ የምወጣው ተወርዋሪ ኮከቦችን ፎቶግራፍ ለማንሣት ነው። ይኸን ለጠየቀኝ ሁሉ ነግሬአለሁ። አሮጊት ኮከብ ታነሣለች ከማለት ሰላይ ናት ማለት ለሰው ይቀለዋል መሰለኝ።


ሰኞ፣ ኅዳር 9

የኅዳሩ ውርወራ እንዳምናው ባዶ ሆነ። እስከ ንጋት ጠብቄ ያየኋቸው ጥቂቶች ሌንሱ ባልዞረበት በኩል ወደቁ። ከወንዙ የሚነሣው እርጥበት ሌንሱን ያላበዋል፤ በየጊዜው በጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ረሳሁ። ስንፍና ነው።

የታኅሣሡ ይሻላል። ድሬዳዋ የፈረንጅ መነኮሳቱ ትምህርት ቤት ስማር አስተማሪዋ ሲስተር በአንድ የታኅሣሥ ሌሊት ከመኝታ ቀስቅሳ ሰገነቱ ላይ አወጣችን። ልጆቹ ጮኹ። እሷ ብርድ ልብስ አስነጥፋ በጀርባችን አስተኛችን፤ ኮከቡ ከየት ተነሥቶ የት እንደጠፋ በመስመር እንድንስል አዘዘችን። በወረቀቱ ግርጌ ቦታው፣ ቀኑ፣ አቅጣጫው ይጻፋል። ከኮከብ ሌላ የታየ ነገር ካለም ምን እንደሆነ ይጻፋል፤ የሚያይ ሰው እንዳይሳሳት። ያልጻፈች ልጅ ወረቀቷ ይቀደዳል። የእኔ ተቀዷል። ከዚያ ወዲህ ግርጌው ሳይጻፍበት ከእጄ የወጣ ሥራ የለም።

ማታ የሸጊቱ ታናሽ ወንድም ጋረደው መጣ። በመከር ሰሊጥ ያጭዳል፤ በሌላው ጊዜ ያገኘውን ይሠራል። ደጃፌ ላይ ቁጢጥ አለና፣

«እትየ፣ ጨረቃ የማትኖርበት ሌሊት መቼ መቼ ነው?» አለኝ።

«ለምን ፈለግኸው?»

«እንዲሁ። እርስዎ ስለ ሰማይ ሲያወሩ ደስ ይለኛል።»

ጎንደር ሳስተምር ይኸን ያህል ጠይቆኝ የሚያውቅ ተማሪ አልነበረም። ጨረቃ እንዴት እንደምትዘገይ፣ ለምን እንደምትጎድል በምድር ላይ በጭረት እያሳየሁ አስረዳሁት። በታኅሣሥ አራት ገና የተወለደች ስለሆነች ፀሐይን ተከትላ ትጠልቃለች አልሁት።

«ከዚያ በኋላ ሌሊቱ በሙሉ ጨለማ ነው?»

«በሙሉ።»

«ወላሂ ጥሩ ነው።»

ክርስቲያን ሆኖ ወላሂ ማለቱን ገሠጽሁት። «ማሌሽ፣ ይቅርታ እትየ» ብሎ ሳቀ። ሲሄድም ጭረቶቹን ረግጦ እንዳያጠፋቸው ዞሮ ሄደ። ደስ የሚል ልጅ ነው።


ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ጨረቃ ሙሉ ናት። ለእኔ ሥራ የለም።

የሎሪ ሾፌሩ ደመቀ ከገዳሪፍ ፊልሙን አመጣልኝ። ጀማሉ ነው የላከው። ጀማሉ የጎንደር ሰው ነው፤ ገዳሪፍ ፎቶ ቤት ከፍቶ የስደተኛውን ሁሉ የመታወቂያ ፎቶ ያነሣል። በወረቀት ቁራጭ ላይ «እትየ፣ ዘንድሮ አንድ ጥሩ ካገኙ መስኮቴ ላይ እሰቅለዋለሁ» ብሎ ጽፎልኛል። ወረቀቷን ደብተሬ ውስጥ አደረግኋት። ለምን እንዳስቀመጥኋት አላውቅም።


ዓርብ፣ ኅዳር 27

ገበያው መሐል ፖሊስ ድምፅ ማጉያ ይዞ ሲዞር ዋለ። ዱራ የሚሉትን ማሽላ ወደ ማዶ ማሻገር ክልክል ነው። አንድ ጊዜ የተገኘ እህሉን ተወርሶ ይለቀቃል፤ ደጋግሞ የሚያሻግር፣ ንግድ ያደረገው ግን ከሰላ ከተማ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ሸጊቱ የሻይ ብርጭቆ እያጠበች፣ «ማዶ ያለው ሰው ታዲያ ምን ይብላ? ድንጋይ?» አለች።

«ሕግ ሕግ ነው» አልኋት።

ብርጭቆውን አጥባ ጨርሳ እንደገና አጠበችው።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5፣ ሊነጋ ሲል

ከኮረብታው አሁን ወረድሁ። ጣቴ በብርድ ደንዝዟል፤ ቢሆንም ሳልተኛ ልጻፍ።

ማታ ጋረደው ማቆሚያውን ተሸክሞ አወጣልኝ። ካሜራውን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ወንዙ አዞርሁት፤ የታኅሣሡ ኮከቦች የሚነሡት ገውዝ የተባለው የኮከቦች ስብስብ ከሚወጣበት በኩል ነውና። ከሥር ትንሽ መሬት አስገባሁ፦ የወንዙን ዳርና ሦስቱን የሁመር ዛፎች።

ጋረደው አጎንብሶ በመመልከቻው አየ። «እትየ፣ ወደ ላይ ብቻ ቢያዞሩትስ? ኮከብ መሬት ላይ የለ።»

«መሬት የሌለበት ሰማይ ከየት እንደታየ በምን ይታወቃል?»

«ቢታወቅ ምን ያደርጋል?»

«ሥራ ያደርገዋል» አልሁት። ራሱን አከከ። እንደ ሌላው ጊዜ አልተቀመጠም። ጉዳይ አለኝ ብሎ ወረደ።

መጀመሪያ አንድ፣ ዝግ ብሎ፣ ሁመሮቹ አናት ላይ። ከዚያ ብዙ ቆይቶ ሁለት ተከታትለው። የመዝጊያውን ገመድ ተጭኜ እቆልፋለሁ፣ ሌንሱ ክፍት ሆኖ ይጠብቃል፣ እኔም እጠብቃለሁ። ዓይን ያየውን ወዲያው ይጥለዋል። ፊልም ግን አይቸኩልም፤ ደብዛዛዋን ብርሃን ሳይቀር አጠራቅሞ ያስቀምጣል። ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ አንድ ታላቅ መጣ። አረንጓዴ ነበር፤ ጥላዬን ድንጋዩ ላይ አየሁት። ብቻዬን ጮኽሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ብቻዬን ኮረብታ ላይ እንደ ልጅ ጮኽሁ።

ያኔ ሌንሱ ክፍት ነበር። በትክክለኛው በኩል ክፍት ነበር።

በዚያው ሰዓት ከታች ወንዙ ዳር አንዲት ደብዛዛ ብርሃን ቀስ እያለች ትሄድ ነበር። የማን እንደሆነች አላሰብሁም።


ያው ቀን፣ ረፋድ

ጋረደው ማቆሚያውን ሊያወርድ መጣ። ሱሪው እስከ ጭኑ ጭቃ ነው። ሰው ፊት እንዲህ ሆኖ አይቀረብም አልሁት። ቆሞ ይተኛ ነበር።

ሸጊቱ ከጠዋት ጀምሮ ታንጎራጉራለች። «ውባየሁ ቁመቷ የአያቷ ትከሻ ደርሷል» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«ሰው ነገረኝ።»

ከአራት ዓመቷ ወዲህ ልጅቱ ስታድግ የሰማሁት ዛሬ ገና ነው።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10፣ ገዳሪፍ

በደመቀ ሎሪ መጣሁ። ወገቤ ተሰብሯል። ግድ የለም።

ጀማሉ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ አስገባኝ። ወረቀቱ ከመድኃኒቱ ሥር ቀስ እያለ ጠቆረ፤ የኮከቦቹ ቅስቶች ወጡ፣ ከዚያ በቅስቶቹ ላይ ሦስት ቀጥ ያሉ ነጭ መስመሮች ተሰመሩ። በአንድ ሥዕል ላይ ሦስት። ታላቁ መሐል ላይ ነው። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ።

«እትየ፣ ይችስ? አራተኛ ናት?» አለ፤ ጣቱን ከሥዕሉ ግርጌ አድርጎ።

ከወንዙ ዳር እስከ ማዶ የምትሄድ ቀጭን መስመር ናት።

«አይደለችም። ተወርዋሪ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄድ፤ ይች ትጠማዘዛለች። ሁመሮቹ ዘንድ ስትደርስ ደግሞ ውኃው ላይ የወደቀውን የብርሃኗን ጥላ እየው። ፋኖስ ናት።»

«የማን ፋኖስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። የሚያይ ሰው እንዳይሳሳት ግን መጻፍ አለበት።»

ጻፍሁት። «ሦስቱ ቀጥ ያሉ መስመሮች ተወርዋሪ ኮከቦች ናቸው። በግርጌ ያለችው ጠማማ መስመር ኮከብ አይደለችም፤ በሦስቱ ሁመሮች ሥር ከዚህ ወደ ማዶ የተሻገረ ሰው ፋኖስ ናት። ወድ ኤል ሒለው፣ ከኮረብታው ወደ ምሥራቅ፣ ታኅሣሥ 4 ሌሊት። ወርቅውሃ።» ጀማሉ መልሰው ስላልሁት ወደ ዓረብኛ መልሶ ከሥሩ ለጠፈው፤ ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ጨመረበት። አጣራሁለት፣ ልክ ነው።

መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀምጬ ሰው ሲቆም አየሁ። አንድ ሐጅ ልጁን ተሸክሞ አሳየው። ሁለት ወጣቶች ጽሑፉን ጮክ ብለው አነበቡ። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጣሁ፤ ሁለተኛውን አልፈለግሁትም ነበር።


ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ጋረደው ስለ ሥዕሉ ከደመቀ ሰምቷል። ማታ መጣ። እንደ ወትሮው አልተቀመጠም።

«እንኳን ደስ አለዎ እትየ።»

«ሂደህ እየው። ጀማሉ መስኮት ላይ ነው።»

«ደመቀ ነገረኝ። ከታች መብራት አለ አለኝ።»

«አለ። ጽፌዋለሁ።»

መሬት መሬት ያይ ነበር። «እሱ ያለበት ቢቆረጥ አይሻልም? ቀጭን ቁራጭ እኮ ናት። ሰማዩ ሰፊ ነው።»

ሥዕል መቁረጥ ውሸት መናገር ነው አልሁት። ሰው የሚወደውን አስቀርቶ የማይወደውን ከጣለ ያየውን ሳይሆን የተመኘውን ነው የሚያሳይ አልሁት። ስለ ሲስተርም ነገርሁት። ብዙ ተናገርሁ። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«እሺ እትየ» አለ። «ደኅና ይደሩ።»

ትንሽ ቆይቶ ከሸጊቱ ግቢ ዝቅ ያለ ንግግር ሰማሁ። «ንገራት» አለች እሷ። እሱ የመለሰው አልተሰማኝም። ከዚያ «ተይው፣ ትልቅ ሰው ናት፣ ደስ ብሏታል» ሲል ሰማሁ።

ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። የሰው ቤት ጉዳይ ነው።


እሑድ፣ ታኅሣሥ 20

የፖሊሱ ሹም፣ ሙላዚሙ፣ ገበያ ላይ ቆሞ ሰላም አለኝ። ልጆቹ እንደሚጠሩኝ «ሐቡባ ኑጁም» አለኝ፤ የኮከቦች አያት ማለቱ ነው። ገዳሪፍ ጉርድ ፎቶ ሊነሣ ሄዶ ሥዕሌን አይቶታል።

«ከሥሩ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት» አለ።

እስከ ዛሬ ግርጌውን ሁለት ጊዜ ያነበበ ሰው አላጋጠመኝም። የሠለጠነ ሰው ነው። ሁመሮቹ የቶቹ እንደሆኑ ጠየቀኝ፤ በጣቴ አሳየሁት።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24

ሸጊቱ ፍራሽ ስታጥብ ዋለች። ትንሽ ብርድ ልብስ ካለኝ ጠየቀችኝ።

«ለማን?»

«ለእንግዳ።»

ሰጠኋት። ደረቷ ላይ አጥፋ ይዛው ቆመች። «የተባረኩ ነዎት እትየ» ብቻ አለች።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26

ጋረደውን ያዙት። ሌሊት። ሁመሮቹ ሥር። ሁለት አህያ ዱራ ጭኖ።

ሸጊቱ ጣቢያው በር ላይ ናት። እኔም ልሄድ ነው።


ያው ቀን፣ ማታ

አልገባንም። በር ላይ የቆመው ፖሊስ የሸጊቱን ሻይ ሁልጊዜ የሚጠጣ ነው፤ ፊቷን አላየም። «የእኔ እጅ የለበትም እኅቴ፣ ጠብቀውት ነው። ቦታውን ያውቁታል» አላት።

ከዚያ እኔን አየ።

አሁን የሆነውን በቅደም ተከተል አውቃለሁ። ሸጊቱ መንገድ ላይ ነገረችኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። ጋረደው እህሉን የሚወስደው ለእናታቸውና ለውባየሁ ነው። ሁለቱ ማዶ የፈረሰ የሰሊጥ እርሻ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከሚሊሺያው ዓይን የሚሰወር መንገድ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በታኅሣሥ አራት እህል አድርሶ ነበር። ትናንት ደግሞ እህሉን ለአካባቢው ሰው ሊያድል፣ ሲመለስ ልጅቱንና አሮጊቷን ሊያመጣ ነበር። ፍራሹ ለእነሱ ነው። ብርድ ልብሱም።

በትናንቱ ብቻ ቢሆን እህሉን ወርሰው ይለቁት ነበር። ሙላዚሙ ግን ሥዕሉን ከጀማሉ መስኮት አስወርዶ አምጥቶታል። ከሦስት ሳምንት በፊትም በዚያው ቦታ ተሻግሯል፣ ስለዚህ ንግድ ነው፣ ስለዚህ ከሰላ።

ጀማሉ ሥዕሉን መንገድ ዳር መስቀል አልነበረበትም። የፎቶ ሰው ነው፣ የሚሆነውንና የማይሆነውን ማወቅ ነበረበት። ወደ ዓረብኛስ ማን መልስ አለው?

ማን እንዳለው አውቃለሁ።


ሰኞ፣ ታኅሣሥ 28

ጀማሉ ከገዳሪፍ መጣ። ሰፈር ሲገባ ጫማውን እንኳ አላራገፈም፤ ቀጥታ ሙላዚሙ ዘንድ ሄዶ ተነጋግሮ ነው ወደ እኔ የመጣ።

«እትየ፣ ሰውየው ክፉ አይደለም። እሱም ልጁን ከሰላ መስደድ አልፈለገም። ግን የተጻፈ ነገር እጁ ላይ አለ። ‹የሥዕሉ ባለቤት መጥታ ተሳስቻለሁ፣ መስመሯ ኮከብ ናት ካለች፣ ኮከብ ናት› ብሎኛል።»

«ኮከብ አይደለችም።»

«አውቃለሁ።»

«ጥላዋ ውኃው ላይ አለ።»

«እትየ፣ እኔም ፎቶ አንሺ ነኝ። ጥላዋን አይቻለሁ።»

«እንግዲያ ምን በይ ነው የምትለኝ? በእጄ ጽፌ፣ ስሜን ፈርሜ?»

«የሚያምንዎ እኮ ለዚያ ነው። ወርቅውሃ ተሳስቻለሁ ካለች ማን ይከራከራል? ወረቀቱ ከሰላ ከሄደ ግን የሚመልሰው የለም።»

አስበዋለሁ አልሁት። ምን እንደማስብ ጠየቀኝ። ሲሄድ ሸጊቱን በአጥሩ በኩል ሰላም አላት፤ ሰላምታዋን መለሰች። ሁሉንም ሰምታለች። አጥሩ ሸንበቆ ነው።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29

ገና ነው። በገና ቀን ሄጄ አልዋሽም።

ጠዋት በሬን ስከፍት ጀሪካኔ ተሞልቶ ደጃፌ ላይ ቆሟል። ሰልፉን ማን ያዘላት? አልቀሰቀሰችኝም። በአጥሩ «ሸጊቱ» ብዬ ተጣራሁ። «አቤት እትየ» አለች። «እንኳን አደረሰሽ» አልኋት። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አለች፣ እንደ ደንቡ።

ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 30

ከማዶ ወተት እያመጣች የምትሸጥ ዘሐራ የምትባል ሴት አለች። ሚሊሺያው ስለሚያውቃት አይነካትም። ዛሬ ለሸጊቱ መልእክት አመጣች፤ እኔም ነበርሁ። ልጅቱና አያቷ ቦታው ላይ ናቸው። እህላቸው አልቋል። ልጅቱ «አጎቴ ሲመጣ መብራት ያሳየናል» ብላ ማታ ማታ ከእርሻው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ትቀመጣለች።

«ንገሪያት፣ መብራት አትጠብቂ በያት» አለች ሸጊቱ።

«ነገርኋት። አልሰማ አለች።»

ሌሊት ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጬ አነበብሁ። የሱሪውን ጭቃ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሥዕሉን ለጀማሉ የሰጠሁት ከዚያ በኋላ ነው። ይቆረጥ ያለኝም ከዚያ በኋላ ነው። ጽሑፌ ሁሉ ልክ ነው፤ አንድም ስሕተት አላገኘሁበትም። ስሕተት ባገኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠዋት እሄዳለሁ። ኮከብ ናት እላለሁ። አሁን ልሂድ ብል ቢሮው ዝግ ነው።

ዝግ ነው? ሙላዚሙ እኮ የሚያድረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ያውቃል። በማለዳ።


ሐሙስ፣ ጥር 1

ዘገየሁ። ሎሪው ከንጋት ሶላት በኋላ ወጥቷል። ጋረደው እላዩ ላይ። ሥዕሉም።


ያው ቀን፣ ሌሊት

ንጹሕ ነጠላ ለብሼ ነበር የሄድሁት። ፀጉሬን ሳበጥር ቆየሁ። የምናገረውን በዓረብኛ እያሳመርሁ ቆየሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው ለውሸት ሰዋስው የሚያስተካክል?

ሙላዚሙ ወንበር ሰጠኝ። አልተቀመጥሁም።

«ኮከብ ናት» አልሁት። «ተሳስቼ ነው።»

«ሐቡባ፣ ሰኞ ብትነግሪኝ ወረቀቱን ፊትሽ እቀደው ነበር። ትናንት ማታ እንኳ ብትመጪ። አሁን ከእጄ ወጥቷል፤ ለዳኛው ንገሪው።»

«መቼ ነው የሚቀርበው?»

«እሑድ። ከሰላ። መንገዱ ላንቺ ከባድ ነው፣ አትሂጂ ብዬ ልመክርሽ አልችልም።» በሩ ድረስ ሸኘኝ። «ከሥሩ ባትጽፊበት ኖሮ እኔም ኮከብ ይመስለኝ ነበር» አለ። ሊጎዳኝ ብሎ አይደለም። እውነቱን ነው።

ሸጊቱ ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። በሙሉ ነገርኋት፦ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ትናንት ማታ፣ ዛሬ ጠዋት ማበጠሪያው። አንድም ነገር አላስቀረሁም። ይቅርታ ያልሁበት ቦታ ግን የቱ ላይ እንደሆነ አላስታውስም፤ ምናልባት አላልሁም ይሆናል።

«ማወቅስ ያውቁ ነበር?» አለችኝ። «መብራቷ የእሱ እንደሆነች?»

«አልጠየቅሁም።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁዎ።»

ውሻ ይጮኽ ነበር። ተነሣችና ከነጠላዋ ላይ ገለባ አራገፈች።

«ዘሐራ ነገ ማታ ስትሻገር አብሬያት እሄዳለሁ። ወተት ሻጭ መስዬ። መብራት አንይዝም።»

«ቢይዙሽስ?»

«ያች ልጅ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ለልጄ እሄዳለሁ፤ እርስዎ ለወንድሜ ይሂዱ። መንገዱ ከባድ ነው እንዳይሉኝ።»

አላልኋትም።

ከሄደች በኋላ ኔጋቲቩን ከምድጃው ውስጥ ጨመርሁት። ከምገምተው በላይ ፈጥኖ ተጨማደደ፤ ሽታው ገና ከቤቱ አልወጣም። ኖርሁበት የምለው አንድ ሥራ ነበር። ከዚህ በላይ ስለ እሱ አልጽፍም።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው፦

የውኃው ሰልፍ ላይ ሳይነጋ መድረስ፣ የሸጊቱን ጀሪካን ሞልቶ ራሴ ተሸክሜ ቤቷ ማድረስ፣ በአንድ ጊዜ ካልቻልሁ እየቀነስሁ። ልጅቱ ስትገባ ውኃ በቤቱ ይኑር።

ደመቀ ሎሪውን ሳያስነሣ ደጃፉ ላይ መቆም። ቦታ የለም ካለኝ ጆንያው ላይ እወጣለሁ ማለት፤ ከተከራከረኝም መውጣት።

ለጋረደው ንጹሕ ሱሪ ከሸጊቱ ተቀብሎ መያዝ።

ደብተሩን እዚህ ትቶ መሄድ።

ዳኛው ፊት ስቆም አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ መናገር፦ ኮከብ ናት፣ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ፣ ቢጠይቀኝም ባይጠይቀኝም፣ ምንም ማብራሪያ አለመጨመር።